“ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው” ላላችሁን

“ቲዎሪ ምረጥ። ላብራቶሪ አይጠይቅ፣ ኬሚካል አይጠይቅ፣ ጨረታ አይጠይቅ። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው።”

በኢትዮጵያ ፊዚክስ ለሁለተኛ ዲግሪ የተማረ ሰው ይቺን ምክር ሳይሰማት አይቀርም። እኔም ሰማሁ፤ ሰምቼም ታዘዝኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ሱፐርኮንዳክቲቪቲና ፌሮማግኔቲዝም በአንድ ቁስ ውስጥ አብረው ስለመኖራቸው የተደረገ ቲዎሪያዊ ጥናት” ይላል። የቁሱን ስም ብትቀይሩት የጓደኛዬ ቴሲስ ይሆናል። ፌሮማግኔቲዝም የሚለውን አውጥታችሁ ሌላ ዓይነት መግነጢስ ብትተኩበት ደግሞ ከእኛ ቀድሞ የተመረቀው ልጅ ቴሲስ ይሆናል። ቀልድ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተሠሩትን የፊዚክስ መመረቂያ ጽሑፎች አገላብጡ። የግሪን ፋንክሽን፣ አማካይ ስሌት፣ ሦስት ግራፍ፣ “ውጤታችን ከሙከራ ግኝቶች ጋር ይስማማል” የምትል ማጠቃለያ። ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ።

ይስማማል። ለምን እንደሚስማማ ልንገራችሁና ጠቡን ከዚያ እንጀምር።

ሱፐርኮንዳክተር ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ በበቂ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አንዳች ሳያባክን የሚያስተላልፍ ቁስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ የሚባል ሆላንዳዊ ሜርኩሪን እስከ 4.2 ኬልቪን ድረስ አቀዝቅዞ አየው። 4.2 ኬልቪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የሆሳዕና የነሐሴ ብርድ እዚህ ወሬ ውስጥ አይገባም። ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት 46 ዓመት ፈጀ። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ኤሌክትሮኖች በቁሱ ንዝረት አማካይነት ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚጓዙ አሳዩ። በቃ፣ ተዘጋ ተባለ። በ1986 ግን ቤድኖርዝና ሙለር ዙሪክ ውስጥ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ፣ ሸክላ የሚመስል ቁስ በ30ዎቹ ኬልቪን ውስጥ ሱፐርኮንዳክተር ሲሆን አገኙት። በዓመቱ ሌሎች ሰዎች 93 ኬልቪን ደረሱ። የድሮው ማብራሪያ እዚህ አይሠራም። በ2008 የብረት ዘሮች መጡ፣ በ2019 የኒኬል። “ያልተለመዱ” የሚባሉት ሱፐርኮንዳክተሮች እነዚህ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላም ኤሌክትሮኖቹን በትክክል ምን እንደሚያጣምራቸው የሁሉም ስምምነት የለም።

(በ2023 ክረምት ኤልኬ-99 የሚባል የኮሪያ ድንጋይ ትዊተርን ሲያናውጥ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። በክፍል ሙቀት ይሠራል ተባለ፤ በሳምንታት ውስጥ ቆሻሻው የመዳብ ሰልፋይድ እንደሆነ ታወቀ። ያን ሰሞን ስንት ሰው በውስጥ መስመር “ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?” እንዳለኝ! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለ ሱፐርኮንዳክተር የጠየቀኝ የለም።)

ወደ ቴሲሴ ልመለስ። ቁሱ የዩራኒየም፣ የኮባልትና የጀርማኒየም ውህድ ነበር። መግነጢስም ሱፐርኮንዳክተርም መሆኑ በ2007 የተገኘ፣ በእርግጥም የሚገርም ቁስ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ “ኤሌክትሮኖቹ ይሳሳባሉ” የሚል ቃል በሒሳብ ምልክት ጻፍኩ። ለምን እንደሚሳሳቡ አልጠየቅሁም። አርባ ገጽ ያህል ካለቅሁ በኋላ “ስለዚህ ይጣመራሉ” የሚል ውጤት አገኘሁ። የመሳሳቡን መጠን የሚወስን አንድ ቁጥር ነበረች፤ እሷን የሽግግር ሙቀቱ 0.8 ኬልቪን እስኪመጣ ድረስ ከፍ ዝቅ አደረግኋት። ሙከራው የሚለው 0.8 ነዋ! ከዚያ “ውጤታችን ከሙከራ ጋር ይስማማል” ብዬ ጻፍኩ። ጎበዝ ተባልኩ። አጨበጨቡልኝ።

ይህ እንቁላሉን ራስህ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠህ “ሳጥኑ እንቁላል ጣለ” እንደማለት ነው።

አማካይ ስሌት በራሱ ኃጢአት አይደለም። የ1957ቱ ትልቅ ሥራም የቆመው በእሱ ላይ ነው። ስሌቱ የሚለው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከሌሎቹ ከያንዳንዳቸው ጋር ሳይሆን ከአማካያቸው ጋር ይነጋገር። ገበያ ገብታችሁ ከያንዳንዱ ነጋዴ ጋር ሳትከራከሩ “የዛሬ የቅቤ ዋጋ ይህን ያህል ነው” ብላችሁ እንደመግዛት ነው። ሰዉ ብዙም በማይተያይበት ገበያ ይሠራል። ያልተለመዱት ሱፐርኮንዳክተሮች ግን ሁሉም ሁሉን የሚያይበት ገበያ ናቸው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ቦታ ይለቃል፣ ሦስተኛው ይናደዳል። አማካዩ እዚያ ይዋሻል፤ መዋሸቱንም አይነግርህም። በወረቀትና በእስክሪብቶ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህን ውሸት የሚፈትሽበት ነገር የለውም። የኔ ቅሬታ ይህ ነው። “ቲዎሪ ርካሽ ነው” ሲሉን የነፈጉን ላብራቶሪ ብቻ አይደለም፤ መሳሳታችንን የምናውቅበትን መንገድ ጭምር ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ ነው ኸባርድ ሞዴልን የምር ያየሁት። ከ1963 ጀምሮ ያለ ሞዴል ነው፤ ትንሽ ልጅ ይረዳዋል። ካሬ ካሬ የተሰመረ ሜዳ አስቡ፤ የመስመሮቹ መገናኛ ነጥቦች ኤሌክትሮን ማረፊያ ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ አራት ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል፦ ባዶ፣ ወደላይ የሚሽከረከር አንድ ኤሌክትሮን፣ ወደታች የሚሽከረከር አንድ፣ ወይም ሁለቱም። መዝለል ይፈቀዳል፤ ሁለት ሆኖ አንድ ነጥብ ላይ መቀመጥ ግን ያስከፍላል። አለቀ። መሳሳብ የሚባል ነገር በመግቢያው የለም፤ ካለ በራሱ መምጣት አለበት። ፍትሐዊ ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

አሁን ቁጠሩ። ሁለት ነጥብ፣ 16 አቀማመጥ። አራት ነጥብ፣ 256። አሥራ ሁለት ነጥብ፣ 16,777,216። አሥራ ስድስት ነጥብ፣ ማለትም አራት በአራት የሆነች ሚጢጢ ሜዳ፣ 4,294,967,296። የኤሌክትሮኖቹን ቁጥር 14 ላይ፣ ግማሹን ወደላይ ግማሹን ወደታች ብላችሁ ብታስሩት ወደ 130,873,600 ይወርዳል። ለያንዳንዱ አቀማመጥ አንድ ቁጥር ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው። ይህ እኔ ላፕቶፕ ላይ፣ ስምንት ጊጋ ራም ያለው፣ ኪቦርዱ ላይ አንድ ፊደል የጎደለው ላፕቶፕ ላይ፣ ይገባል! ላንሶሽ በ1950 ባወጣው ዘዴ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን ብቻ ይዞ ዝቅተኛውን ጉልበት ማስላት ይቻላል። ያለ አማካይ፣ ያለ ግምት፣ ትክክለኛውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራልኝ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የምነግረው ሰው አጥቼ ለጥበቃው ነገርኩት። “እንኳን ደስ አለህ፣ ልጅ ነው?” አለኝ።

አራት ነጥብ ጨምሩ። ሃያ ነጥብ፣ 18 ኤሌክትሮን፦ 28 ቢሊዮን አቀማመጥ፣ ከ225 ጊጋባይት በላይ ለአንዱ ዝርዝር ብቻ። ከላፕቶፕ ወጣን። በጃፓን የምድር ሲሙሌተር የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር በ2005 የዚህን ሞዴል ዘመድ በ159 ቢሊዮን አቀማመጥ ፈትቷል። ዓለም ከሃያ ዓመት በፊት የቆመበትና እኔ የቆምኩበት የሚለያዩት በጣት በሚቆጠሩ ነጥቦች ነው። ያቺ ልዩነት ግን በትጋት አትሞላም። ሌሊት ብትነሳ፣ ጾመህ ብትጸልይ፣ 225 ጊጋባይት ስምንት ውስጥ አይገባም።

በዚህ መሐል ትልልቅ ማሽን ያላቸው ሰዎች ምን አገኙ? በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ሁለት የተለያዩ የስሌት ዘዴዎችን አጋጥሞ፣ ንጹሑ ኸባርድ ሞዴል ለመዳብ ቁሶቹ ይሆናል በሚባለው ክልል ውስጥ ሱፐርኮንዳክተር እንደማይሆን አሳየ። አይሆንም! ሰው ዕድሜውን የጨረሰበት ሞዴል። በ2024 ደግሞ አብዛኞቹ እነዚያው ሰዎች ኤሌክትሮኑ በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ጎረቤት ጭምር እንዲዘል ሲፈቅዱለት ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ብቅ አለ። አንዲት ትንሽ ቃል ናት የጨመሩት። ያቺን ቃል በአማካይ ስሌት ብታስገባት፣ ብታወጣት፣ የኔ ቴሲስ በሁለቱም ጊዜ “ይስማማል” ነበር የሚለው።

“ታዲያ ድሆች ነን፣ ምን ይደረግ?” የሚለውን አውቃለሁ። እስቲ ስለ ድህነት እናውራ።

ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ ቁልቁል ብትወርዱ የጊቤ ሸለቆ ነው፤ ውሃው ኦሞ ሆኖ ይወርድና ጊቤ 3 ይደርሳል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 1,870 ሜጋ ዋት። ሐይቁ ወደ ላይ ሲዘረጋ የሀዲያንና የከምባታን ቆላ ይነካል። ህዳሴውም ተጨምሯል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ከዚህ ጉልበት ላይ ማን እየተሰላበት ነው? ቢትኮይን። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 የቢትኮይን አምራቾች ጋር ውል እንደነበረው ተዘግቧል፤ ከሁለቱ በቀር የቻይና ናቸው። ፍጆታቸው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2022 የዓለም አንደኛ የተባለው የአሜሪካው ፍሮንቲየር ሱፐር ኮምፒውተር የሚበላው 21 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር።

ቆይ፣ እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። የቢትኮይን ማሽን ፊዚክስ አይሠራም። አንድ ዓይነት ስሌት ብቻ፣ ቀን ከሌት፣ ለዕድል ጨዋታ የሚደግም ሳጥን ነው። ነጥቆ ለዩኒቨርሲቲ መስጠት ዋጋ የለውም። ዶላር ያስገባል የሚለውንም አልክድም፤ ዶላር ያስፈልገናል። የምለው ሌላ ነው። ያንን ሁሉ ጉልበት ስንሸጥ ከውሉ ግርጌ “ይህን ያህል ሰርቨር ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ይቀመጣል” የምትል አንዲት መስመር እንዲጻፍ ማን ጠየቀ? የፊዚክስ ሰው ነው መጠየቅ የነበረበት። የፊዚክስ ሰው ግን “ቲዎሪ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው” ብሎ ፈርሟል። ምንም አልፈልግም ያለን ሰው ማን ይሰጠዋል?

በጋራ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ይግዛ ቢባል መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ካርቶኑ ሳይከፈት ዋስትናው ያልፍበታል። የእኛ አገር ሰው ለመስቀል በሬ እንዴት እንደሚገዛ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ያዋጣል፤ ያለው ብዙ፣ የሌለው ትንሽ፤ ቀኑ ሲደርስ አንድ በሬ ለሁሉም ይታረዳል። ኮምፒውተርም ቅርጫ ነው። አንድ ጥሩ ማዕከል፣ መብራት በማይቆራረጥበት ቦታ፣ ከሆሳዕናም ከዱራሜም ከጎንደርም በኢንተርኔት የሚገባበት።

አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። ኢንተግራል ከእኔ በፊት ጨርሶ መስኮት መስኮት የሚያይ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ሄደ፤ ወዴት እንደሆነ ለሆሳዕና ልጅ አይነገርም። ደቡብ አፍሪካ። መንገዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በታኅሣሥ 2022 ሉሳካ አጠገብ ሜዳ ላይ የተገኙት 27 አስከሬኖች ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ፖሊስ ተናግሯል፤ ያን ሰሞን በከተማችን ስልክ ሲጮህ የማይደነግጥ እናት አልነበረችም። እሱ በሰላም ደረሰ። ኬፕታውን ዳርቻ ሱቅ አለው። ባለፈው ሲደውል ቀለድኩበት፦

“እዚያ ከተማ እኮ ሌንጋው የሚባል ሱፐር ኮምፒውተር አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። ከሱቅህ ሩቅ አይደለም።”

“ሌንጋው? ምን ማለት ነው?”

“አቦሸማኔ፣ በሴትስዋና።”

“እና ምን ያሰሉበታል?”

ኸባርድን ነገርኩት። አራት በአራት ሜዳ፣ አራቱ አማራጭ። ዝም አለ፤ የመሰለኝ መስመሩ ተቋርጧል። “አራት ያለበት ቁጥር በአሥራ ስድስት ጊዜ… አራት ቢሊዮን ነው?” አለኝ። ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ሆኖ፣ በቃሉ። ከዚያ ደንበኛ መጣበትና ዘጋው።

ይህን ያነሳሁት “ፊዚክስ ቢኖር አይሄድም ነበር” ለማለት አይደለም። ውሸት ነው፤ የሄደው ለእንጀራ ነው። ግን ቢቀርስ ምን እናሳየው ነበር? የኔን ቴሲስ?

“ለሀዲያና ለከምባታ ገበሬ ሱፐርኮንዳክተር ምን ያደርግለታል?” የሚሉም አሉ፤ ብዙውን ጊዜ እነሱም ገበሬ አይደሉም። መልሴ አጭር ነው። ፈጣን ባቡር ቃል አልገባም። የዚህ ሥራ ልጆች የሚማሩት ግን መቶ ሚሊዮን ረድፍ ያለው ስሌት ሳይሰበር እንዴት እንደሚካሄድ፣ ስህተት እንዴት እንደሚታደን ነው። ይኸው እጅ ነገ የእንሰት አጠውልግ በሽታን ስርጭት ወይም የበልግን ዝናብ ማስላት ይችላል። የግሪን ፋንክሽን መገልበጥ የለመደ እጅ ግን የሚችለው መገልበጥ ነው።

ሌላው መልስ የሚያናድደኝ ነው። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ይጠቅሱብኛል። በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስረው፣ እስር ቤት ውስጥ ለታሳሪዎች ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ትምህርትን ያቆሙ። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። “እሳቸው እስር ቤት ሆነው አስተምረዋል፣ አንተ ራም አነሰኝ ትላለህ?” አዎ፣ እላለሁ! እሳቸው ያደረጉት በእስር ቤት ቢሆንም እንጂ በእስር ቤት ስለሆነ አይደለም። የአንድን ሰው ጽናት ለሌላው ትውልድ የበጀት ጣሪያ ማድረግ ነውር ነው። እስር ቤት የምርምር ፖሊሲ አይደለም።

ወደ ራሳችን ደግሞ ልዙር፤ ጥፋቱ ሁሉ የማሽን አይደለም። እነ ኳንተም ኤስፕሬሶና አይቴንሰር በነጻ ይወርዳሉ። ጽሑፎቹ አርካይቭ ላይ በነጻ ይነበባሉ። ስቲቨን ኋይት በ1992 ባወጣው ዘዴ፣ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ መቶ ነጥቦችን ተራ ኮምፒውተር ያሰላቸዋል፤ ይህን ያመጣው ሐሳብ ነው፣ ብረት አይደለም። በ2018 የአፍሪካ የኤሌክትሮን ስትራክቸር ስሌት ትምህርት ቤት የተካሄደው አዲስ አበባ ነው፤ እቤታችን ድረስ መጥቶልን ነበር። ከዚያ በኋላም ቴሲሶቻችን ያው ናቸው። አሥራ ሁለት ነጥብ ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አማካይ ስሌታችሁን በአሥራ ሁለት ነጥብ ላይ ከትክክለኛው መልስ ጋር አስተያዩና የት ላይ እንደሚዋሽ ጻፉ። ይህ ቴሲስ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን እውነት ነው። ይህን የማናደርገው ራም ስላነሰን አይደለም፤ “አይስማማም” ብሎ የሚጨርስ ጽሑፍ ማን ያስመርቀኛል ብለን ስለምንፈራ ነው።

አንዲት ተማሪ አብራኝ ትሠራለች። መጀመሪያ በየሌሊቱ መብራት ሲሄድባት ስሌቱ ከዜሮ ይጀምር ነበር፤ አሁን በየአሥር ደቂቃው ራሱን እያስቀመጠ እንዲቀጥል አድርጋ ጽፋዋለች፤ ማንም አላስተማራትም፣ መብራቱ ነው ያስተማራት። አሥራ ስድስቱን ነጥብ ሰያፉን ዝላይ ጨምራ አስኬደችው። የጥንዶቹን ቁርኝት ስታወጣው ሜዳው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከእሱ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። በወረቀት የሠራችው አማካይ ስሌት ግን በሙሉ ልብ “ነው” ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አመጣችልኝ።

“ቲቸር፣ የቱን ነው የምጽፈው?”

“ሁለቱንም። ልዩነቱ ነው ቴሲስሽ።”

የጥናት ሐሳቡ ለገምጋሚዎች ገባ። ተመልሶ መጣ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው “የሚጠበቀው ውጤት ከሙከራ ጋር እንደሚስማማ በግልጽ ይቀመጥ” ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ሳንጨምር ማክሰኞ መልሰን እናስገባዋለን።